«እማዬ ሲያትል ፎቅ ላይ ተቀምጣ ስለ ጎመኗ ትጠይቀኛለች»

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ እንደተለመደው የፍቅር ጣጣ ናቸው፤ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ዛሬ ቅድሚያ የሰጠነው ከወደ ኮልፌ ለተጻፈልን ደብዳቤ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥረነዋል። ስምና አድራሻ እንደ ልማዳችን አይወጣም።

«ዕድሜዬ 26 ነው፤ በአንድ የግል መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። አባታችን ካረፈ በኋላ አሜሪካ፣ ሲያትል የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ፕሮሰስ ጨርሶላት እማዬን ወሰዳት። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። 64 ዓመቷ ነው፤ ስትሄድ ጤነኛ ነበረች። ወንድሜ ማታ ማታ ታክሲ ይነዳል፣ ሚስቱ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ ልጆቹ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይመልሱም። እማዬ ቀኑን ሙሉ አራተኛ ፎቅ ላይ በመስኮት መኪና ስትቆጥር ትውላለች። ስደውልላት ‹እስር ቤት ገባሁ እኮ፤ ልዩነቱ ምግቡ ጥሩ መሆኑ ነው› ትለኛለች። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር። አሁን ግን እያለቀሰች ነው የምትለው።

«እዚህ እያለች ጓሮዋ ነበር ሕይወቷ። ጎመን በይው፣ ቆስጣ በይው፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ምኑ ቅጡ! በጾም የሰፈሩ ሴት ሁሉ ከእሷ ጓሮ ቀጥፋ ነበር የምትሄደው፤ ገንዘብ ሊሰጧት ሲሉ ትቆጣለች። አሁን በስልክ ከእኔ ጤንነት በፊት የምትጠይቀኝ ‹ጎመኑ እንዴት ነው?› ብላ ነው። ‹ደህና ነው› እላታለሁ። እሱ ቦታ ላይ እንኳ ሁለት ሰርቪስ ቤት ሠርተን አከራይተናል፤ እንዳይከፋት ብለን አልነገርናትም።

«ባለፈው አንዲት ሐበሻ ጎረቤት ከፉድ ባንክ ያመጣችውን አትክልትና የጣሳ ምግብ አካፈለቻት። ‹ደግሞ ተመጽዋች ሆንኩ?› ብላ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ወንድሜ ይናደዳል። ‹ፍሪጁ ሙሉ ነው፣ ሕክምና አለ፣ ምን ጎደለባት? ብትመለስ ግሪን ካርዷ ይቃጠላል› ይላል። እኔ ደግሞ ትመለስ ባይ ነኝ። በዚህ ተጣልተን ከተነጋገርን ወር አለፈን። እናንተ ፍረዱን።»

እህታችን፣ ፍርዱ ይቆየንና በመጀመሪያ የሐኪሙን ነገር እንጨርሰው። በዚህ ዕድሜ ሰው ምግብ ሲዘጋና ሲያለቅስ «ናፍቆት ነው» ብሎ ማለፍ ደግ አይደለም። እናትሽ ባላቸውን ቀብረው ብዙም ሳይቆዩ አገር የለቀቁ ሴት ናቸው። ወንድምሽ «ሕክምና አለ» ካለ እንግዲያው ይውሰዳቸው፤ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ብቻ ሳይሆን ስለ እንቅልፋቸውና ስለ ሐዘናቸውም ይነገርላቸው። አስተርጓሚው ግን ልጃቸው ባይሆን ይመረጣል። እናት በልጇ አፍ ሁሉን አትናገርም። እዚያ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ አላቸው፤ መጠየቅ ብቻ ነው። የድብርት ሕመም ሆኖ ከተገኘ በጎመን አይድንም።

ይህን ካልን ወደ ጎመኑ እንሂድ።

ወንድምሽ «ምን ጎደለባት?» ማለቱ ከክፋት አይመስለንም። ሌሊት እየነዳ ፍሪጅ የሚሞላ ልጅ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባውም። ነገር ግን ደብዳቤሽን ደግመን ስናነብ አንድ ነገር ያዘን። እናትሽ ኮልፌ ሳሉ ለሰፈር የሚተርፉ ሰው ነበሩ። በራቸው የሚንኳኳው እሳቸው ዘንድ የሚወሰድ ነገር ስላለ ነው። ሲያትል ሲገቡ በአንድ ጊዜ ሁሉን ነገር ተቀባይ ሆኑ፤ ምግቡን ከልጃቸው፣ ወሬውን ከቴሌቪዥን፣ መንገድ ማቋረጡን እንኳ ከልጅ ልጃቸው። የፉድ ባንኩን ከረጢት ጎረቤቲቱ በደግነት ነው ያመጣችው። እናትሽ ለዚያች ሴት በምላሹ የሚያቋድሱት አንድ እስር ጎመን ቢኖራቸው ኖሮ ነገሩ የጉርብትና ወግ ሆኖ ያልፍ ነበር። ባዶ እጃቸውን ስለነበሩ ምጽዋት ሆነባቸው።

ይህ ነገር የደረሰባቸው እናትሽ ብቻ እንዳይመስልሽ። በጀርመን አገር ጎቲንገን የምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ አለች። በፈረንጆች 1995 ከቦስንያ ጦርነት የሸሹ ሴቶች እዚያ በስደተኞች ማዕከል ይሰበሰቡ ነበር። ምን እንደሚናፍቃቸው ሲጠየቁ ትተውት የመጡትን ጓሮ አነሱ። ሻይ ከመጠጣት መቆፈሩን መረጡና በዓመቱ፣ በ1996፣ መሬት አግኝተው ሥራ ጀመሩ። ነገሩን አብረው ካቋቋሙትና ለዓመታት ከመሩት አንዱ ማን ይመስልሻል? ኢትዮጵያዊ የግብርና ባለሙያ ነው! ከየአገሩ የመጡ ቤተሰቦች ከጀርመኖች ጋር ጎን ለጎን መደብ ይዘው፣ የቋንቋ ትምህርቱንም እዚያው አካባቢ እያስኬዱ፣ ዘርና ችግኝ ይለዋወጣሉ። ያ ሐሳብ ተዛምቶ ዛሬ በጀርመን ከተሞች እንዲህ ያሉ ጓሮዎች በመቶዎች ይቆጠራሉ።

እናትሽ ያሉበት ሲያትል ደግሞ በዚህ ነገር ከጎቲንገንም ቀድሟል። ወንድምሽ ሌሊት በጎኑ እያለፈ ልብ ሳይለው ቀርቶ ይሆናል እንጂ በከተማው ወደ 90 የሚጠጉ «ፒ-ፓች» የሚባሉ የጋራ ጓሮዎች አሉ። «ፒ» የምትለዋ ፊደል የመጣችው ፒካርዶ ከሚባል እርሻ ስም ነው። የመሬቱ ባለቤቶች ከጣሊያን የመጡ ስደተኛ ገበሬዎች ነበሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቦይንግ ሠራተኞቹን በሺዎች ሲበትን ከተማው ተራበ ማለት ይቻላል። አንዲት ተማሪ ለችግረኞች የሚሆን አትክልት እንዲለማበት ከዚያ ቤተሰብ መሬት ለመነች። በ1973 ማዘጋጃ ቤቱ ነገሩን በፕሮግራም ያዘው። ስለዚህ እናትሽን እንዲህ ብለሽ አጫውቻቸው፤ የጓሮው ነገር ሲጀመር በስደተኛ መሬት ላይ፣ ለሰው ለመስጠት ተብሎ ነው የተጀመረው።

ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ፕሮግራሙ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ወደሚኖሩባቸው የመንግሥት ቤቶች ገባ። ሬይኒየር ቪስታ፣ ኒው ሆሊ፣ ሃይ ፖይንት የሚባሉትን ሰፈሮች ወንድምሽ በደንብ ያውቃቸዋል፤ ሐበሻ የሞላባቸው ናቸው። እዚያ ከቬትናም፣ ከካምቦዲያ፣ ከላኦስ፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከእኛው አገር የመጡ ሰዎች አጥር ሳይለያቸው ያለማሉ። ብዙዎቹ አገራቸው ሳሉ ገበሬ ወይም እንደ እናትሽ ባለጓሮ የነበሩ ናቸው።

ታዲያ በእንዲህ ያለ ቦታ መካፈሉ እንዴት እንደሚጀመር ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ባለመደቡ የሚይዘው ቦታ ትንሽ ነው፤ ከ10 ካሬ ሜትር የማይሞላም አለ። ትንሽ ቢሆንም ጎመን ሲደርስ በአንድ ጊዜ ነው የሚደርሰው። ለአንድ ቤት ይበዛል። የደረሰ ቅጠል አያድርም፣ ከፒ-ፓች መደብ የተለቀመ ደግሞ ለሽያጭ አይፈቀድም (ለገበያ የሚያለሙ ሌሎች ጓሮዎች ለብቻ አሉ)። የማይሸጥና የማይቀመጥ ነገር ምን ይደረጋል? ለጎን ባለመደብ ይሰጣል። እሷም በእጇ ያለውን ትሰጣለች። እንዴት እንደሚበላ በምልክት ትጠያየቂያለሽ፤ እጅ ወደ አፍ፣ አፍንጫ ወደ ቅጠሉ። የቬትናሟ አሮጊትና የኮልፌዋ እናት በእንግሊዝኛ ቢያወሩ ኖሮ ሁለቱም ያፍሩ ነበር፤ በጎመን ሲያወሩ የሚያፍር የለም። ይህ ለኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ደቦና ወንፈል ስንል የኖርነውን ነው እዚያ በእንግሊዝኛ ስም ያወጡለት።

አሁን ወደ ችግሩ። መደብ ዛሬ ጠይቀሽ ነገ የሚሰጥ አይደለም። ተራ ይጠበቃል፤ አንዳንድ ሰፈር ተራው ዓመትም ከዚያ በላይም ይፈጃል። ወንድምሽ አሁኑኑ እናትሽን ያስመዝግብ። የሚመዘገበው በከተማው የሰፈሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኩል ነው፤ አስተርጓሚ እንዲሰጣቸው ይጠይቅ፤ ክፍያው ከከበደም ቅናሽ እንዳለ ይጠይቅ። ከቤቱ ቅርብ የሆነውን ይምረጥ። «እሁድ እሁድ በመኪና እወስዳታለሁ» የሚለውን ተስፋ እኛ አንቀበልም። ሌሊት የሚነዳ ሰው እሁድ ይተኛል። እናትሽ በእግራቸው ወይም በአንድ አውቶቡስ መድረስ ካልቻሉ ጓሮው ሌላ የልጅ ጥገኝነት ነው የሚሆንባቸው።

ተራ እስኪደርስ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። በየፒ-ፓቹ ምርታቸው ለፉድ ባንክ ብቻ የሚሄድ መደቦች አሉ፤ እነሱን የሚያለሙት ፈቃደኞች ናቸው፤ ሁልጊዜም ሰው ያጥራቸዋል። እናትሽ እዚያ ይሂዱ። አስቢው እስኪ፣ ያቺን ከረጢት አይተው ሁለት ቀን የጾሙ ሴት በሌላ ሰው ከረጢት ውስጥ የሚገባውን ጎመን ሲቆርጡ! ጎረቤቲቱ ቀጥሎ ስትመጣ ወሬው ሌላ ይሆናል። ለነገሩ መደብ ያገኘ ሰውም የግሉን ብቻ ኮትኩቶ አይሄድም፤ በዓመት የተወሰነ ሰዓት የጋራ ሥራ ግዴታው ነው። መንገዱን መጥረግ፣ ኮምፖስት ማገላበጥ፣ ለፉድ ባንክ መልቀም። ይህን ግዴታ ብዙ ወጣት ይሸሸዋል፤ እንደ እናትሽ ላለ ሰው ግን ዋናው መድኃኒት እሱ ነው ባዮች ነን። ሰው የሚገኘው እዚያ ሰዓት ላይ ነው።

ስለ አየሩ እናትሽን ቀድመሽ አስጠንቅቂያቸው፤ የሲያትል ሰማይ የአዲስ አበባ ግልባጭ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ የኮልፌ ሰው ዝናብ ይጠብቃል። እዚያ ሐምሌና ነሐሴ የዓመቱ ደረቅ ወራት ናቸው፤ ውሃ ካላጠጡ ሁሉም ይደርቃል። ዝናቡ የሚመጣው እኛ በጋ በምንለው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ያን ጊዜ ፀሐይዋ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። በአንጻሩ በሰኔ ቀኑ 16 ሰዓት ይረዝማል። ይህን ያህል ብርሃን ያየ ድንብላል በቅጠሉ ሳይጠግቡ ያብባል፤ እናትሽ «ተበላሸ» ብለው እንዳይነቅሉት፤ ፍሬውን ይፈልጉታል። ጎመንና ቆስጣ ቅዝቃዜውን ይወዱታል፤ ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ይተከላሉ። ነጭ ሽንኩርት በጥቅምት ገብቶ ክረምታቸውን አሳልፎ በሰኔና በሐምሌ ይወጣል። ቃሪያና በሶብላ ግን ሙቀት ፈላጊ ናቸው፤ ከግንቦት በፊት ውጭ ቢወጡ በብርድ ይሞታሉ፤ ቤት ውስጥ በመስኮት ላይ ነው የሚጀመሩት። ያች እስር ቤት ያሏት መስኮት እንግዲህ ለዚህ ትጠቅማለች። ጤና አዳም በቀላሉ ይይዛል፤ ብቻ በጠራራ ፀሐይ ሲቆርጡት ፈሳሹ ቆዳ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሊያወጣ ስለሚችል ጠዋት ወይም ማታ ይቁረጡት።

ሌላ ማስጠንቀቂያ አለን፤ ይሄኛው ላንቺ ነው። ደብዳቤያችንን እንዳነበብሽ ሮጠሽ የጎመን ዘር በጨርቅ ቋጥረሽ ለሚሄድ ሰው እንዳትሰጪ! ለተክል የሚሆን ዘር አሜሪካ የሚገባው የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይዞ ነው። ሳያስመዘግቡ በሻንጣ ይዞ መግባት ዘሩን ማስወሰድ ብቻ አይደለም፣ ተሸካሚውን ሰው ሊያስቀጣው ይችላል። ዘር ከዚያው ከሐበሻ ባለመደቦች ይገኛል። ደግሞም ዘር ለመለመን አንድ ጊዜ «ጤና ይስጥልኝ» ማለት ያስፈልጋል፤ እናትሽ የሚያስፈልጋቸውም እሷ ናት።

ወንድምሽ ፎቁ ሥር ያለችውን ባዶ ቦታ «እዚህ ትትከል» ሊል ይችላል። የአሮጌ ቤት አካባቢ አፈር ከድሮ ቀለም የወረደ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ሳያስመረምሩ ለልጅ ልጆች ጎመን አይለቀምበትም። ካልሆነ በሳጥን ውስጥ ንጹሕ አፈር ገዝቶ መሙላት ነው። ባለቤቱንም ማስፈቀድ አለበት። በሰው መሬት ላይ ያለ ወረቀት መልፋት ምን እንደሚያመጣ ሎስ አንጀለስ ላይ ታይቷል። ከ1992ቱ ሁከት በኋላ 14 ኤከር በሚሆን ባዶ ቦታ ላይ ወደ 350 የሚጠጉ ቤተሰቦች፣ አብዛኞቹ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ፣ በቆሎውን፣ ባቄላውን፣ ቁልቋሉን፣ መድኃኒት ቅጠሉን ያለሙ ነበር። ከተማው መሬቱን በ2003 ለቀድሞው ባለቤት መልሶ ሸጠው። በጁን 2006 ፖሊስ መጥቶ አስለቀቃቸው፤ ዶዘር ገባበት። ተቃውመው ዛፍ ላይ የወጡ ሰዎች ጭምር ነበሩ፤ አላዳነውም። የሲያትሎቹ ጓሮዎች በከተማው አስተዳደር የተያዙ ስለሆኑ ከዚያ ይሻላሉ። ቢሆንም መደቡ ርስት አይደለም። ደንብ ካልጠበቁ፣ አረም ከዋጠው፣ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል፤ ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒትም ቢሆን ኬሚካል አይፈቀድም። እናትሽ ይህን ከገቡ በኋላ ከሚሰሙት ሳይገቡ ቢሰሙት ይሻላል።

አሁን «ፍረዱን» ወዳልሽው እንምጣ። የግሪን ካርዱን ነገር ወንድምሽ ትንሽ አጋኖታል። ለጥቂት ወራት አገር ቤት ጥየቃ መምጣት ካርድ አያቃጥልም። ከዓመት በላይ ለመቆየት ከሆነ ግን ነገሩ እውነት ይከብዳል፤ ሳይወጡ የሚጠየቅ የመመለሻ ፈቃድ አለ፤ ይህን ሕግ አዋቂ ያማክሩ። እንግዲህ «ይመለሱ»ና «አይመለሱ» ብላችሁ ከምትናከሱ አንድ ወቅት ይሞከር ባዮች ነን፤ ከሚመጣው መጋቢት እስከ ጥቅምት። መደብ ከተገኘ በመደብ፣ ካልተገኘ በፉድ ባንኩ መደብ ላይ። በጥቅምት ማብቂያ ላይ አንቺም ወንድምሽም ዝም በሉና እሳቸው ይናገሩ። «ልሂድ» ካሉ ትኬታቸው ይቆረጥ። እስከ ዛሬ ሁለታችሁ ስትጣሉ እሳቸውን የጠየቀ መኖሩን ከደብዳቤሽ አላየንም።

አንድ ነገር ግን ቀረን፤ አንቺ በአንድ መስመር ያለፍሽው። እናትሽ ይመለሱ ትያለሽ። የሚመለሱት ወደ የትኛው ጓሮ ነው? በልባቸው ያለው ኮልፌ ጎመን ያለበት ኮልፌ ነው። ከአውሮፕላን ወርደው በጓሮ በር ብቅ ሲሉ የሚያዩት የሁለት ተከራይ ልብስ ማስጫ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ሲያትልም የለ ኮልፌም የለ። ወጣት ነሽ፣ ኑሮ ውድ ነው፣ ሰርቪስ መሥራታችሁን አንፈርድበትም፤ ግማሽ አዲስ አበባ ያደረገው ነው። ግን እሳቸው «ልሂድ ወይስ ልቅር» ብለው የሚመዝኑት በሌለ ጎመን ነው። ስለዚህ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት በዚህ ሳምንት ደውይ። ወንድምሽ ቤት ባለበት ሰዓት ይሁን፤ ብቻቸውን ሆነው አይስሙት። ኪራዩ ስንት እንደሆነና ገንዘቡ የት እንደሚውል ጨምረሽ ንገሪያቸው። ይቆጣሉ። ይቆጡ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለቀሱ ሴት ቢቆጡ ለውጥ ነው። ቀጥለው መጠየቃቸው የማይቀረውን ጥያቄም አስቀድመሽ አስቢበት፤ «ብመጣ አንዱን ክፍል ታፈርሱልኛላችሁ?» ይላሉ። «እሺ» ከማለትሽ በፊት የተከራዮቹን ውል አውጥተሽ መቼ እንደሚያልቅ እይው።